ከሞላው በፊት መንገዱን እንይ

በምሩቃን የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር



የዝግጅት ኮሚቴው ደውሎ ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠልኝ። «ዶክተር፣ እባክሽ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት እንዳይሆን፤ ሰው ምሳውን በሰላም ይብላ» አሉኝ። «እንግዲያው ስለ መኪናዬ ላውራ?» ብዬ በቀልድ መለስኩ። በስልኩ ውስጥ ሳቅ ሰማሁ፤ ቀጥሎም «በቃ፣ ጽፈነዋል» ተባልኩ። ይኸው ግማሹ ጨዋታ፣ ግማሹ ንስሐ የሆነ ወሬ ይዤ ፊታችሁ ቆሜያለሁ።

በ2000 ዓ.ም. የተመረቅን ሁሉ ታስታውሱኛላችሁ። ወደ አሰንዳቦ ወይም ወደ ሰርቦ ስንወጣ ከሾፌሩ ጎን ለመቀመጥ የምጣላው እኔ ነበርኩ። ማርሽ ሲቀየር ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ በአርባዎቹ ውስጥ የምገኝ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፤ የምኖረው ሆሳዕና ነው፤ እናቴ ዱራሜ ናት። በሁለቱ መሃል ያለውን መንገድ ከብዙ የሕክምና መጽሐፍ በተሻለ አውቀዋለሁ ብዬ አስብ ነበር። አላውቀውም ነበር። የዛሬው ወሬዬም ይኸው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ያገለገለች ሱዙኪ ስዊፍት ስፖርት ገዛሁ። ትንሽ ናት፤ ክብደቷ ከአንድ ቶን ብዙም አይበልጥም፤ ሞተሯ 1.6 ሊትር ነው። መሪዋ ፈጣን ነው፤ ኩርባ ላይ እንደ ፍየል ነው የምትታጠፈው። እህቴ «አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ዕድሜ!» አለችኝ። ባልደረቦቼ ደግሞ «ዶክተር፣ ለደመወዝሽ ቪትዝ አይበቃሽም ወይ?» አሉኝ። እኔ ግን ከአሥራ አምስት ዓመት የሌሊት ተረኝነት በኋላ ለራሴ አንድ ደስ የሚለኝ ነገር ማድረግ ፈለግኩ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለከል ደግሞ «ከእንግዲህ ያለችኝን አሻሽዬ መያዝ ነው» አልኩ። ብዙዎቻችሁም እንዲህ ብላችኋል መሰለኝ፤ ጋራዥ ሁሉ በዚህ ወሬ ተሞልቷል።

ማሻሻል ስል ምን ማለቴ ነበር? እውነቱን ልናገር፤ ማስደርደር ማለቴ ነበር። ዝቅ ያለች፣ ጎማዋ ከጭቃ መከላከያው ጋር የተጠጋ፣ ኩርባ ላይ የማታዘነብል መኪና ፈለግኩ። ከአዲስ አበባ ሞላ አስመጣሁ፤ ከኦሪጅናሉ አጭርና ጠንካራ ነው፤ መኪናዋን 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያደርጋል ተባለ። ከኋላ ወፍራም ስታቢላይዘር ባር አስገጠምኩ። ቸርኬውን በሰፊ ለወጥኩ፤ ጎማው ስስ ሆነ። ጎማዎቹን «አዲስ ናቸው» ተብዬ ነው የገዛሁት። ሁለት ወር ደመወዜ አለቀ። ስትጨርስ ግን ምን ልበላችሁ፣ አምራ ነበር! የሆሳዕና ባጃጅ ነጂዎች ቆመው ያዩአት ነበር።

አንድ የሐምሌ ቅዳሜ ከዶዮገና ወደ ሆሳዕና እመለሳለሁ። ዶዮገናን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ደጋ ነው፣ እንሰቱ ከመንገዱ ዳር ዳር እንደ አጥር የቆመበት፣ ክረምት ላይ ጉሙ ወርዶ አስፋልቱ ላይ የሚተኛበት አገር ነው። ካፊያ አለ። ከጎኔ የእህቴ ልጅ ተቀምጣለች፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ፍጥነቴ ያን ያህል አልነበረም፤ በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ኩርባ ገባሁ። ኩርባው መሃል አስፋልቱ ሰምጧል፤ ከባድ መኪና የሰበረው ዓይነት ረጅም ስርጉድ። መኪናዋ እዚያ ውስጥ ስትገባ ከታች «ጓ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ደንግጬ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሳሁ። የኋላው እግር ለቀቀ። መኪናዋ ዞረች፤ ቂጧ ወደ ግራ፣ ወደ ተቃራኒው መስመር ሄደ። ከፊት ለፊት ባጃጅ እየመጣ ነበር።

የባጃጁ ልጅ ጎበዝ ነው፤ ወደ ዳር ወጣ። እኛ መንገዱን ዘግተን በአግድም ቆምን። ማንም አልተጎዳም። ልጁ ወርዶ ሮጦ መጥቶ «እህቴ፣ ደህና ነሽ?» አለኝ። ከባጃጁ ውስጥ አንዲት እናት ሕፃን አዝላ፣ የገበያ ዘንቢል በጉልበቷ ይዛ ታየኛለች። አንድም ቃል አልተናገረችም። እኔን ብቻ ታየኛለች። ያ አስተያየት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ገና ተመርቄ በድንገተኛ ክፍል ስሠራ በመንገድ አደጋ የመጡትን ስንቱን ተቀብያለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ደግሞ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ይህን ቁጥር ለተማሪዎች አስተምራለሁ። በዚያች ደቂቃ ግን ቁጥሩ ውስጥ ልጨምርበት የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ባማረች መኪና።

ሰኞ ዕለት ወደ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ከተማው ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። ሞላውን ቀደም ብሎ የገጠመልኝ ሌላ ቦታ ነው፤ እሳቸው ያን ጊዜ «አይሆንም» ብለውኝ ስለነበር ሄጄባቸው ነበር። መኪናዋን በክሪክ አንስተው፣ ጎማውን በእጃቸው ወዘወዙ፣ ከሥር ገብተው ወጡ። ከዚያ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣

«ዶክተርዬ፣ በሽተኛ ሲመጣሽ የምትጀምሪው ከመርፌ ነው?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ መጀመሪያ አናግረዋለሁ፣ እመረምረዋለሁ።»

«ታዲያ መኪናዋን ማን መረመራት?»

ዝም አልኩ። ምን ይባላል?

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ጅማ የመጣችብኝ። ሲቢቲፒን አስታወሳችሁ? ገና አንደኛ ዓመት ሳለን መጠይቅ አስይዘው ወደ ሠፈር ይሰዱን ነበር። ሽንት ቤት ቆጠርን፣ የውኃ ምንጭ ቆጠርን፣ ስንት ሕፃን እንደተከተበ ጠየቅን። አንዳንዶቻችን «ሐኪም ልሁን ብዬ ነው የመጣሁት፣ ሽንት ቤት ልቆጥር ነው?» እያልን አጉረመረምን። መምህሮቻችን ግን አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ማኅበረሰቡን ሳታውቅ መፍትሔ ይዘህ አትሂድ። መጀመሪያ መረጃ፣ ከዚያ የችግር ዝርዝር፣ ከዚያ ቅደም ተከተል፣ ከዚያ ዕቅድ፣ ከዚያ ሥራ፣ በመጨረሻ ግምገማ። ቅደም ተከተል ስናወጣ ደግሞ ለእያንዳንዱ ችግር ከአምስት ነጥብ እንሰጥ ነበር፤ ስፋቱ፣ ክብደቱ፣ የመፍታት አቅማችን፣ የኅብረተሰቡ ስጋት፣ የመንግሥት ትኩረት። እኔ ለመኪናዬ ያደረግኩት የዚህን ተገላቢጦሽ ነው። መድኃኒቱን ገዛሁ፤ ከዚያ በሽታ ፈለግኩለት።

ስለዚህ ማስታወሻ ደብተር አውጥቼ ለአንድ ወር መረጃ ሰበሰብኩ። አትሳቁ፤ እውነቴን ነው። የት የት እነዳለሁ? ከቤት ሆስፒታል፤ ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ ኮብልስቶን። ቅዳሜ ዱራሜ፣ አንዳንዴ ዶዮገና። በወር አንዴ አዲስ አበባ፤ በወራቤና በቡታጅራ በኩል ወደ 230 ኪሎ ሜትር። የእናቴ ቤት የመጨረሻው መንገድ ፒስታ ነው። ምን እጭናለሁ? ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻዬን። ቅዳሜ ስመለስ ግን እህቴ፣ ሁለት ልጆች፣ ከኋላ ቆጮና ድንች፤ እናቴ ባዶ እጄን አትሰደኝም። መንገዱስ? በቀን ምን ያህል ጉድጓድ፣ ስንት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ስንት ቦታ ከብትና ሕፃን የሚያቋርጥበት? ጽፌ ስጨርስ ደነገጥኩ። እኔ መኪናዬን ያዘጋጀሁት ለውድድር ሜዳ ነው፤ የምነዳት ግን በሐዲያና በከምባታ መንገድ ነው።

አሁን ስለ ሳስፔንሽኑ፣ መካኒኮቹ «እግር» ስለሚሉት ነገር፣ ትንሽ ላስረዳ። ከዚህ በኋላ አዲሶቹ ተመራቂዎችም ተጠቀሙበት።

ሞላ የመኪናውን ክብደት ይሸከማል። ጎማው ጉድጓድ ወይም ጉብታ ሲያገኝ ሞላው ታጥፎ ይለቃል። ብቻውን ቢተው ግን እንደ ስፖንጅ ፍራሽ እየዘለለ ይቀራል። የሚያረጋጋው አሞርቲዛተር ነው፤ ሾክ አብዞርበር የምንለው። ውስጡ ዘይት አለ፤ ፒስተኑ ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ ሲገፋው የመንቀጥቀጡ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ለዚህ ነው ረጅም ኮረኮንች ከሄዳችሁ በኋላ አሞርቲዛተሩ የሚግለው። እንግዲህ ሁለቱ መመጣጠን አለባቸው። ጠንካራ ሞላ በደከመ አሞርቲዛተር ላይ ከገጠማችሁ ሞላው ይገፋል፣ የሚይዘው ግን የለም። የእኔ አሞርቲዛተሮች ደግሞ ከመኪናዋ ጋር አብረው ያረጁ ነበሩ። አሞርቲዛተር እንደ ደም ግፊት ነው፤ ይቅርታ፣ ቃል ገብቼ ነበር። ቀስ እያለ ስለሚደክም ሾፌሩ ይለምደዋል እንጂ አይታወቀውም ለማለት ነው።

ዝቅ ማድረግስ? ዝቅ ያለ መኪና የክብደቱ መሃል ስለሚወርድ ይረጋጋል የሚለው እውነት ነው። ሆኖም ሁለት ዕዳ አለው። አንደኛው፣ ጎማው ወደ ላይ ሊሸሽበት ከነበረው ቦታ ያን 4 ሴንቲ ሜትር ወሰድኩበት። ቦታው ሲያልቅ መጨረሻው ላይ ያለችውን ላስቲክ ይመታል፤ በዚያች ቅጽበት መኪናው ሞላ እንደሌለው ጋሪ ይሆናል፣ ጎማው መሬቱን ይለቃል። የሰማሁት «ጓ!» እሱ ነበር። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። የብዙ ትንንሽ መኪናዎች የፊት እግር ኧርል ማክፈርሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940ዎቹ ያወጣው ዓይነት ነው። ከታች አንድ ክንድ፣ ከላይ ራሱ አሞርቲዛተሩ ጎማውን ይይዛሉ። መኪናው ከመጠን በላይ ዝቅ ሲል ያ ክንድ አቅጣጫው ይገለበጣል፤ መኪናው ኩርባ ላይ የሚያዘነብልበት ነጥብ ከክብደቱ መሃል በባሰ ፍጥነት ይወርዳል። ስለዚህ መኪናው ዝቅ ብሎም ማዘንበሉ ላይቀንስ ይችላል። ለዓይን የስፖርት መኪና ሆነች እንጂ አያያዟ ባሰበት።

ወደ ስታቢላይዘሩ ልምጣ። ይህ ብረት የግራንና የቀኝን ጎማ ያያይዛል፤ ኩርባ ላይ መኪናው እንዳያዘነብል ይረዳል። በፊት ጎማ የምትነዳ መኪና ኩርባ ላይ በአፍንጫዋ ወደ ውጭ መሄድ ስለምትወድ፣ ከኋላ ወፍራም ባር ሲገባ አፍንጫዋ ይታዘዛል። በደረቅ አስፋልት ላይ በጣም ያስደስታል። በዝናብ፣ ነዳጅ ድንገት ሲለቀቅ፣ ክብደቱ ወደ ፊት ሲሄድ ግን የሚከዳው የኋላው ነው። ደግሞም ያ ብረት የአንዱን ጎማ ጉድጓድ ለሌላው ያካፍላል። ለኮረኮንች መንገድ ይህ ጥቅም አይደለም።

ጎማዎቹስ? ጋሼ ጎማው ጎን ላይ ያለችውን አራት ቁጥር በጣታቸው አሳዩኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ሳምንቱን፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ በአውሮፓውያን ዘመን የተሠራበትን ዓመት ይነግራሉ፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። «አዲስ» ተብለው የተሸጡልኝ ጎማዎች የሰባት ዓመት ነበሩ። ጥርሳቸው ሙሉ ነው፤ ላስቲኩ ግን ደርቋል። እርጥብ መንገድ ላይ የደረቀ ላስቲክ ማለት፣ ደህና፣ እናንተ ሐኪሞች ናችሁ፣ ይገባችኋል።

አሁን ነጥብ እንስጥ እንደ ድሮው። ዝርዝሩን ሳወጣ ከጋሼ ጋር ነበር፤ እሳቸው ክብደቱን፣ እኔ ቁጥሩን።

አንደኛ የወጣው ጎማ ነው። መኪናው ከመሬት ጋር የሚገናኘው በአራት መዳፍ በሚያህል ቦታ ብቻ ነው። ሞላም፣ ባርም፣ ፍሬንም የሚሠሩት በዚያች ቦታ በኩል ነው። ሰፊውን ቸርኬ አወጣሁና 185/60 አር 15 አስገባሁ። የስዊፍት ስፖርቷ ኦሪጅናል 195/50 አር 16 ነው፤ የሁለቱ ጠቅላላ ከፍታ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ አይለያይም፤ ስለዚህ የፍጥነት መለኪያው አይሳሳትም። የጎማው ጎን ግን ይረዝማል፤ ጉድጓድ ላይ ቸርኬውን ያድናል። ፍሬኑን እንዳይነካ ጋሼ አስቀድመው ለክተዋል። ንፋሱን በሾፌሩ በር ጎን በተለጠፈው ወረቀት ላይ ባለው ልክ እሞላለሁ፤ የቅዳሜው ጭነት ሲኖር ለጭነት በተጻፈው ልክ። ጎሚስታው «ትንሽ እንጨምርበት» ሲል እምቢ እላለሁ።

ሁለተኛ ያረጁ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ የክንዱ ጎሚኒዎችና ቴስቲናዎች። ጎሚኒ ማለት የመኪናው የመገጣጠሚያ ልስላስ አጥንት ነው። ሲበላ መሪው ቀጥ ብሎ መኪናው ግን ወደ ጎን ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሳይታይ ሞላ መቀየር፣ ጉልበቱ ላለቀ ሰው የሩጫ ጫማ መግዛት ነው። ዋጋቸውም ከሞላው በጣም ያንሳል፤ «የመፍታት አቅም» በሚለው ሙሉ አምስት አገኙ።

ሦስተኛ አሞርቲዛተር። አራቱንም በአንድ ጊዜ ቀየርኩ። ከኦሪጅናሉ ትንሽ ጠንከር ያለ፣ ለኦሪጅናሉ ሞላ የተመጠነ መረጥኩ። በፊትና በኋላ፣ በግራና በቀኝ የተለያየ አሞርቲዛተር ማስገባት በግማሽ ዶዝ ማከም ነው።

አራተኛ ኦሪጅናል ሞላው ተመለሰ፤ ወፍራሙ ባር ወጣ። አምስተኛና የመጨረሻ አላይመንት፤ ምክንያቱም ከሥር አንድ ነገር በተነካ ቁጥር የጎማዎቹ አቅጣጫ ይለወጣል። ይህ ሳይደረግ የተቀየረው ሁሉ ግማሽ ሥራ ነው፤ አዲሱን ጎማም በጥቂት ወር ይበላዋል።

ተመልከቱ እንግዲህ፤ ከዝርዝሬ ላይ አምሮብኝ የነበረው ነገር ሁሉ ከታች ቀረ ወይም ወጣ። መኪናዋ ከፍ ብላ ስታያት ተራ ስዊፍት ትመስላለች። ባጃጅ ነጂዎቹም ቆመው ማየት ትተዋል። አያያዟ ግን፣ በእግዚአብሔር፣ ሌላ መኪና ናት! ያ ስርጉድ ላይ አሁን ስሄድ አንድ ጊዜ ዝቅ ትላለች፣ አንድ ጊዜ ትነሳለች፣ ትረጋለች። መሪው ያልኩትን ይሰማል።

ይህ የእኔ ግኝት አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ የሚካሄደው ሳፋሪ ራሊ በአውሮፓውያን 1953 ነው የተጀመረው፤ በ2021 ደግሞ ወደ ዓለም ሻምፒዮናው ተመለሰ። እዚያ የሚወዳደሩት ስፖርት መኪናዎች አስፋልት ላይ ሲወዳደሩ ዝቅ ብለው ጠንካራ ሆነው ነው። ለኬንያው ድንጋይና አቧራ ሲመጡ ግን ከፍ ይደረጋሉ፣ ጎማው ብዙ እንዲንቀሳቀስ ቦታ ይሰጠዋል። የዓለም ምርጥ ሾፌሮች መንገዱን አይተው መኪናውን ያዘጋጃሉ። እኔ ግን ሌላ ሰው ለሌላ መንገድ ያዘጋጀውን ፎቶ አይቼ አዘዝኩ።

አንድ ነገር ግን አልሸሽግም። መኪና አያያዟ ሲሻሻል ሾፌሩ ፍጥነት ይጨምራል። ይህ እኔንም ይፈትነኛል። ኩርባ ላይ የሚገፋው ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ነው፤ ከ60 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ስትወጡ ፍጥነቱ በሲሶ ይጨምራል፣ ግፊቱ ግን በ78 በመቶ። ይህን የሚያሸንፍ ሞላ የትም ጋራዥ የለም። ያን የዶዮገና ኩርባ አሁን ከድሮው በዝግታ ነው የማልፈው። የተሻለው አያያዝ ለቸኮልኩበት ቀን ሳይሆን፣ ሕፃን ድንገት ወደ መንገድ ለሚገባበት ቀን እንዲሆንልኝ ነው የማስቀምጠው።

አሁን ኮሚቴው ይቅር ይበለኝ፣ ወደ ሕክምናው ትንሽ ልመለስ። የእኔ ታሪክ ለመኪና ወዳጆች ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አልቆምም ነበር።

ያን ሰሞን ጋሼ ከመኪናዬ ሥር ሆነው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «አምቡላንሱንስ ማን ይመረምረዋል?» አሉኝ። አምቡላንሶቻችን አብዛኛዎቹ ላንድክሩዘር ሃርድ ቶፕ ናቸው። ከኋላ በባሌስትራ ነው የቆሙት። ባሌስትራ ጠንካራ ነው፣ ለጭነት የተሠራ ነው፤ ለገጠር መንገዳችን የተመረጠውም በምክንያት ነው። ነገር ግን ለጭነት የተሠራ እግር ባዶውን ሲሄድ ይዘላል። አንዲት ምጥ የያዛት እናት፣ አንዲት ነርስና አንድ ቤተሰብ ለዚያ መኪና ጭነት አይደሉም። አልጋው ደግሞ የሚገኘው ልክ ከኋላው እግር በላይ ነው፤ ንዝረቱ ከሁሉ የሚበዛበት ቦታ። አሞርቲዛተሩ የሞተ፣ ጎማው ከልክ በላይ የተነፋ ከሆነ፣ ጭኑ ለተሰበረ ሰው ከገጠር ጤና ጣቢያ እስከ ሆሳዕና ያለው መንገድ ምን እንደሆነ አስቡት። እኛ ሪፈር ወረቀቱን እናነባለን፣ ደም ግፊቱን እንለካለን፣ «በመንገድ ላይ ለምን ተዳከመ?» እንላለን።

በአሥራ ሰባት ዓመት ሥራዬ ውስጥ አንድም ቀን የአምቡላንስ ጎማ ንፋስ ጠይቄ አላውቅም። እዚህ ያለነው ስንቶቻችን ጠይቀናል? አብዛኞቻችን ኃላፊ ሆነናል፤ ግዢ ኮሚቴ ላይ ተቀምጠናል፤ ዲንና ዳይሬክተር ሆነናል። መድኃኒት ስንገዛ የሚበቃበትን ቀን እናያለን፤ ጎማ ስንገዛ ያችን አራት ቁጥር አናይም።

ስለዚህ ከጋሼና ከአንድ የአምቡላንስ ሾፌር ጋር ተቀምጠን አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጀን። አምስት መስመር ናት። የጎማ ንፋስ በየሳምንቱ፣ ጎማው በቀዘቀዘበት። የጎማ ዕድሜና ጥርስ በየወሩ። የመኪናውን ጥግ በእጅ ጫን ብሎ መልቀቅ፤ ተነስቶ ካልረጋ፣ አሁንም አሁንም ካወዛወዘ አሞርቲዛተሩ ይታይ። ከአሞርቲዛተሩ ዘይት እየፈሰሰ መሆኑን ማየት። ጎሚኒና ቴስቲና በክሪክ አንስቶ መወዝወዝ። ይህ ለሾፌሩ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሾፌሩ ወረቀቱን ሳሳየው ምን አለኝ መሰላችሁ? «ዶክተር፣ እኛ ይህን ሁሌም እናውቀው ነበር፤ የሚጠይቀን አጥተን ነው» አለኝ። በጣም አፈርኩ። ሲቢቲፒ ላይ «ማኅበረሰቡን ጠይቁ» የተባልነው ለዚህ ነበር፤ ማኅበረሰቡ ውስጥ ሾፌርም እንዳለ ግን አላሰብኩም።

ወረቀቷን ለሚፈልግ ሁሉ በኮፒ ይዣለሁ፤ ከምሳ በኋላ ውሰዱ። መምህሮቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቹ ለቲቲፒ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወጡ፣ ከሽንት ቤቱና ከክትባቱ ጎን አምቡላንሱንም ይቁጠሩ። ጎማውን ይዩ፣ ሾፌሩን ያናግሩ። ጥሩ የመመረቂያ ጥናት ይወጣዋል፤ በጀቱም ብዙ አይሆንም።

የእህቴ ልጅ አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ያን ቀን ከዞርን በኋላ አንድ ሳምንት መኪናዬ ውስጥ አልገባም አለች። ኦሪጅናሉ ሞላ የተመለሰ ቀን ከጋራዡ በር ላይ ቆማ መኪናዋን ዞራ ዞራ አየቻትና፣ «አክስቴ፣ አሁን እንደ ሰው መኪና ሆነች» አለችኝ። ገባችና ቀበቶዋን አሰረች። ከዚያ የተሻለ ግምገማ አልደረሰኝም።

ሆሳዕና የምትመጡ ሁሉ ቤቴ ቤታችሁ ነው። አታካና አበላችኋለሁ፤ ቅቤው ላይ ግን እንደ ሐኪም አስተያየት አልሰጥም። ከዚያ ወደ ከምባታ ወርደን ሀምበሪቾ ተራራ ላይ እንወጣለን፤ 777 ደረጃ አለው። የጉልበታችሁ ጎሚኒ ስንት እንደቀረው እዚያ ይታወቃል። መኪናውን እኔ እነዳለሁ፤ ቀስ ብዬ።

መምህሮቻችንን ዕድሜና ጤና ይስጥልን። በመንገድ ላይ ያሉትን ሁሉ በሰላም ለቤታቸው ያብቃልን።